ጓሯችን ጭቃ ላይ ያየነው ዱካ የምን ነው? ዱካ መለየትስ ከየት ይጀመራል?

የዘንዘልማዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ በዘንዘልማ በኩል። ቤት ሠርተን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። ከአጥራችን ጀርባ ትንሽ ረግረግ አለ፤ ከዚያ ወዲያ የገበሬ በቆሎ ነው።

ዓርብ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ በጠዋት ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። የሰፈር ውሻ ነው ብዬ አለፍኩት። ስመለስ ግን ዓይኔ እዚያው ላይ ቀረ። ለውሻ በጣም ትልቅ ነው። መዳፌን ጎኑ አስቀምጬ ሳየው ጣቶቼ ሳይቆጠሩ ከመዳፌ እኩል ነው። አራት ጣት አለው። ከእያንዳንዱ ጣት ፊት በወፍራም ሚስማር የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለች። ከጣቶቹ ኋላ ያለው ትልቁ መርገጫ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ነብር ነው፣ ልጆቹን እንዳታወጡ» አለች። የማዶው ግቢ ዘበኛ ደግሞ «ውሻ ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል» አለ። ከሰዓት በፊት ወሬው እታች ሰፈር ደርሶ ሰዉ ልጅ ሱቅ መላክ ፈራ።

የ9 ዓመት ልጄ ግን ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ «እማዬ፣ ወዴት እየሄደ ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? ከተማ ነው ያደግኩት፤ የዶሮና የፍየል ዱካ ብቻ ነው የማውቀው። ይኼ ጥያቄዋ ከነብሩ ወሬ በላይ ውስጤ ቀርቷል። የምን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ። ከዚያም በላይ ግን ከልጄ ጋር ሆነን ብንማረው ደስ ይለኛል፤ ከየት ነው የሚጀመረው?

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፦

ልጄ፣ በደንብ ነው የገለጽሽው። ሰው ብዙ ጊዜ «ትልቅ ዱካ አየሁ» ብሎ ያቆማል። አንቺ ጣቱን ቆጥረሻል፣ ጥፍሩን አይተሻል፣ መርገጫውን አስተውለሻል።

ጥፍሩ እንዲህ በግልጽ ከታየ ነብር አይመስለኝም። ነብርም፣ አነርም፣ የቤት ድመትም ሲራመዱ ጥፍራቸውን ይሸሽጉታል። ቤታችሁ ሴራሚክ ከሆነ ዛሬ ማታ ስሚው። ድመት ስትሄድ ድምፅ የላትም። ውሻ ሲሄድ ግን ጥፍሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጭቃው ላይ ያየሽው ቀዳዳ ያ ድምፅ ነው። ሌላም አለ፤ የድመት ወገን መርገጫ ከኋላው ጠርዝ ሦስት ቦታ እብጥ እብጥ ይላል። ያንቺው ያዘነበለ ነው አልሽ።

እኔ ጅብ ነው ባይ ነኝ። ጅብ ፊቱ ከኋላው ይከብዳል። አንገቱና ደረቱ ወፍራም ነው፣ የኋላ እግሩ አጭር ነው። «ጅብ ያነክሳል» የምንለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል። የፊቱ ርዝመት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ የባቄላ ፍሬ መስለው እርስ በርስ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ጥፍሩ ደንዳና ነው።

ግን ልጄ፣ ከአንድ ዱካ ተነስተሽ አትፍረጂ። ትልቁ ምክሬ ይኼ ነው። የሴት ልጅሽ ጥያቄ ከሁላችንም ይበልጣል። ወዴት እየሄደ ነበር? ዱካውን ተከተዪው። ውሻ ሰፈር ውስጥ ሲሄድ አንዱን ግንድ ያሸታል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ይሮጣል። ለሆዱ የወጣ ጅብ ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ወደሚያውቀው ቦታ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መንገዱ ላይ ሌላ ምልክትም ታገኛላችሁ። አጥንት ስለሚበላ እዳሪው ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ከጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣ ነጣ ያለ ቅባት ደግሞ የሣር አገዳ ላይ ይቀባል፤ ሽታው ኃይለኛ ነው፣ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

ስትሄጂ በጠዋት ሂጂ፤ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላው ጉድጓዱን ያወጣዋል። ዱካው በአንቺና በፀሐይዋ መሀል እንዲሆን አድርገሽ ቁሚ። ስድስት ሰዓት ላይ ብትሄጂ ያው ጭቃ ዝም ብሎ ጭቃ ይሆንብሻል።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሐኪም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከዘበኛው ጋር ነኝ። በዚህ ሰሞን ጭቃው ለስላሳ ነው። የኛ ግቢ ውሻ እርጥብ ጭቃ ላይ ሲረግጥ እግሩ ይንሸራተትና ዱካው እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ስለሆነ ብቻ ጅብ ነው ማለት ይከብዳል። ሰዉን አናስፈራ።

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፦

የኔ ልጅ፣ ያልከው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ለስላሳ ጭቃ ዱካን ያሰፋል፣ ሩጫም ያሰፋል። ስለዚህ የሚለካው አፉ አይደለም፤ ግርጌው ነው። እግሩ ያረፈበትን ጠፍጣፋ መሬት ብቻ ለኩ፤ ጭቃው ተገፍቶ የቆመበት ዳር አይቆጠርም። ከዚያ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ለኩና አወዳድሩ። ውሻም የፊቱ ትንሽ ይበልጣል፤ የጅብ ግን ገና ስታየው ሁለት የተለያየ እንስሳ ይመስልሃል።

እህታችን፣ ነገ ሂጂና ይኼን ለክተሽ ንገሪን። ከጎኑ የ1 ብር ሳንቲም ወይ እስክሪቢቶ አስቀምጠሽ ፎቶ አንሺው። ስልኩን አታዘንብዪው፣ ቀጥ ብለሽ ከላይ አንሺ። ከጎን የተነሳ ፎቶ መጠኑን ያዋሻል።

የዘጌ ቡና፦

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ዘጌ ነው። ስለ ጅቡ ሐኪም ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው ስለ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው፤ ከየት ይጀመራል ላልሽው።

ከምታውቂው ጀምሪ። የገጠር ልጅ ዱካ የሚማረው ከብት ሲጠፋበት ነው። ቋንቋችንም ሥራውን ግማሽ ጨርሶልናል። የከብት እበት እንላለን፣ የፈረስና የአህያ ፋንድያ፣ የበግና የፍየል በጠጥ፣ የዶሮና የወፍ ኩስ። አያቶቻችን እነዚህን ቃላት የለዩአቸው እንስሳው ሳይታይ ማን እንዳለፈ ማወቅ ስለነበረባቸው ይመስለኛል። ለልጅሽ መጀመሪያ እነዚህን አስተምሪያት። በጠጥን በደንብ ካወቀች ጫካ ገብታ የሚዳቋን ስታይ «ፍየል ይመስላል፣ ግን ፍየል አይደለም» ትላለች። መለየት ማለት እሱ ነው።

የኛ አገር ለዚህ ትምህርት ምቹ ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የተነሳ በዘጌ በበሬ አይታረስም፣ ከብት ማርባትም ልማዱ አይደለም። ስለዚህ ጫካ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ሰኮና ካየን «የማን በሬ ነው» አንልም። ድኩላ ነው፣ ሚዳቋ ነው ወይ ከርከሮ ነው እያልን እንጀምራለን። የሚዳቋ ትንሽና ሹል ነው። የከርከሮ ጫፉ ደነዝ ይላል፤ አካባቢው በአፍንጫ የተገለበጠ አፈር ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው የጥርኝን ነው። ጥርኝ አንድ ቦታ ለይቶ እየተመላለሰ እዚያው ይጸዳዳል። ልጅ ሆኜ ከቡናችን መሀል አንዲት ቦታ ነበረች፣ ሁልጊዜ የምትታደስ። ቡና ሲቀላ በእንጨት ገለጥ አድርጌ አያለሁ። የቡናው ቀይ ሥጋ የለም፤ ፍሬው ከነገለፈቱ ንጹሕ ሆኖ ወጥቷል። ከፍሬዎቹ መሀል የጥንዚዛ ክንፍ ያብረቀርቃል፣ የአይጥ ፀጉር አለ፣ አንዳንዴ ላባ። ሌሊቱን የት የት እንደዞረ ሁሉ እዚያች ላይ ተጽፏል። እንስሳውን ራሱን በዕድሜዬ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አውቀዋለሁ የምለው ግን በእሷ ቦታ ነው። ባዶ እጃችሁን እንዳትነኩት፣ በሽታ አለው፤ እንጨት ተጠቀሙ፣ ስትመለሱም በሳሙና ታጠቡ።

በቆሎው ማሳ ቅርብ ነው ስላልሽ ደግሞ ገበሬውን ፈቃድ ጠይቂና ግቡበት። ጃርት አገዳውን ከሥሩ ቆርጦ ይጥላል፤ ጥርሱ የተወው ቦይ በጣት ይዳሰሳል። ዝንጀሮና ጦጣ ግን በእጃቸው ይልጣሉ። ሽፋኑ ተገልጦ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ፣ ግማሹን ቀምሰው ይጥሉታል። ገበሬው በአንድ እይታ ማን እንደዘረፈው ያውቃል። ጠይቁት፤ ደስ እያለው ነው የሚነግራችሁ።

የታንኳው፦

እታለም፣ እኔ ዓሣ አስጋሪ ነኝ። አባቴም አስጋሪ ነበር። ጫካ ብዙ አላውቅም፣ የውሃውን ዳር ግን እነግርሻለሁ።

ዱካ መማር ከፈለጋችሁ ከባሕር ሽሽ የተሻለ ደብተር የለም። ጣና መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይሸሻል። የሸሸበት ጭቃ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነው፤ የወፍ ጥፍር እንኳ አይጠፋበትም። ይብራ ስትረግጥ በጣቶቿ መሀል ያለው ቆዳ ይታተማል። ዓሣ ጠባቂዎቹ ረጃጅም ወፎች ጣታቸው ሰፊ ነው፣ ቆዳ የለውም፤ እርምጃቸውም ሩቅ ለሩቅ ነው። ልጅሽን እዚያ ውሰጃት፣ በአንድ ጠዋት አሥር ዓይነት ታገኛለች።

ግን አንድ ነገር አደራ። ወደ ዓባይ መውጫው፣ ወደ ደብረ ማርያም በኩልና ደንገል ባለበት ሁሉ ጉማሬ አለ። የጉማሬን መንገድ ሳታውቂ ልጅ ይዘሽ እንዳትሄጂ። መንገዱ ከሩቅ ይለያል። እግሮቹ ሰፋ ብለው ስለሚረግጡ ሁለት ጎን ለጎን የሆነ ቦይ ይወጣል፣ መሀሉ ሣር ሆኖ ይቀራል። ባጃጅ የተመላለሰበት ይመስላል። ዱካው አራት ጣት ነው፣ ከሳህን ይሰፋል። እበቱን በጅራቱ እየመታ ስለሚበትነው ቁጥቋጦው ላይ ተለጥፎ ታዪዋለሽ። ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ በአንድ ሌሊት ወደ 40 ኪሎ ግራም ይበላል። ሊነጋጋ ሲል ወደ ውሃው ይመለሳል። ሰው የሚሞተው ያን ሰዓት በእሱና በውሃው መሀል ሲቆም ነው።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ገና ሳይነጋ መረብ ልናነሳ እየሄድን ነበር። አቋራጭ ነው ብዬ በዚያ መንገድ ቀደምኩ። አባቴ ከኋላ ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ፣ ቃል አልተናገረም። በጣቱ መሬቱን አሳየኝ። ትልቅ ዱካ ነው፤ ውሃ ከጭቃው እየመነጨ ገና እየሞላው ነበር። ዳር ዳሩ ላይ አረፋ ነበረው። ማለት አሁን ነው የረገጠው። ግን ጣቶቹ የሚያዩት ወደ ሜዳው ነው፣ ወደ ውሃው አይደለም። ገና አልተመለሰም ማለት ነው። ተጎትተን አንድ ትልቅ ዋርካ ኋላ ሄድን። ብዙም አልቆየን፣ ከሣሩ ውስጥ ወጥቶ እኛ በነበርንበት በኩል አልፎ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጉልበቴ ይርዳል። የአባቴን ነፍስ ይማር፣ የልጅሽን ጥያቄ ያን ቀን ጠይቆ ነው ያዳነኝ።

ስለዚህ ውሃው ዳር የምትሄዱት ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ ይሁን፣ አስጋሪ ወይ ገበሬ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማንም አይነፍጋችሁም።

የባዮሎጂ መምህሯ፦

ውይይቱን በጉጉት ነው ያነበብኩት። ልጅሽን ለመማረክ አንድ ዘዴ ልስጥሽ፤ ተማሪዎቼ በጣም ይወዱታል። ዱካውን በጀሶ ቅጂው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ለቀለም ሥራ የሚሸጡት ተራ ጀሶ ይበቃል።

ከካርቶን ወፈር ያለ ጥብጣብ ቁረጪና ዱካውን ክበቢው፣ ጭቃው ውስጥ ትንሽ ስጪው። ጀሶውን በውሃ በጥብጪ፤ አጥሚት ከሚሆነው ትንሽ ወፈር ይበል። ቀጥታ ዱካው ላይ አትድፊው፣ ቅርጹ ይፈርሳል፤ ከጎን አስገብተሽ ራሱ እየፈሰሰ እንዲሞላው አድርጊ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዪው፣ ጭቃው እርጥብ ከሆነ ከዚያም በላይ። ስታነሺው ጭቃውን ወዲያው አትፈግፍጊው፣ ሲደርቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ከኋላው ቀኑንና ቦታውን ትጻፍበት።

እና ከጅቡ በፊት የሰፈራችሁን ውሻ፣ ድመቷን፣ ዶሮዋን፣ የራሷን ባዶ እግር ትቅዳ። የምታውቀው እንስሳ ሲሄድ፣ ሲሮጥ፣ ሲቆም ዱካው እንዴት እንደሚለዋወጥ በዓይኗ ታያለች። ከዚያ የማታውቀው ሲመጣ የምታወዳድርበት ነገር ይኖራታል። ሌላው ደግሞ ዱካ ብቻ አይደለም፤ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ጉጉት ከምታድርበት ዛፍ ሥር ግራጫ ድብልብል ነገር ፈልጉ። ጉጉት ያልተፈጨላትን በአፏ የምትተፋው ነው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ስትፈቱት የአይጥ ራስ ቅል ከነጥርሱ ይወጣል። ቅጽሩ ውስጥ ስትገቡ ግን አባቶችን አስፈቅዱ።

የዘንዘልማዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከልጄ ጋር ወጣን። ቅዳሜ ዱካው ላይ የብረት ሳህን ደፍቼበት ስለነበር ደህና ቆይቷል።

ግርጌውን ለካን። የፊቱ 10 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የኋላው 8 ነው። ሐኪም እንዳሉት ጎን ለጎን ሲታዩ የአንድ እንስሳ አይመስሉም። ልጄ ራሷ ናት «ይኼ የፊቱ ነው፣ ይኼ የኋላው» ብላ የለየቻቸው።

ከዚያ ተከተልነው። ጭቃው የሚያልቅበት ሣር ላይ ጠፋብን። ልጄ ከፀሐይዋ ትይዩ ቆማ ሣሩ የተጋደመበትን አየችውና እንደገና አገኘነው። ቀጥ ያለ ነው፣ የትም አልዞረም። ከበቆሎው ዳር ዳር ሄዶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ከመንደሩ በታች የታረደ ከብት አጥንት የሚጣልበት ጉድጓድ አለ፣ እዚያ ገባ። ጉድጓዱ ዳር እንደ ኖራ የነጣ ነገር ሞልቷል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «እማዬ፣ እራት ሊበላ ነው የሄደው» አለች።

ለጎረቤቶቼ ወስጄ አሳየኋቸው። ነብር ነው ያለችው ጎረቤቴ ራሷ የፊቱንና የኋላውን ለክታ አየች። አሁን ሁላችንም የተስማማነው ጉድጓዱ በአፈር እንዲሸፈን፣ ልጆችም ማታ በዚያ በኩል እንዳያልፉ ነው። የሽምብጡ ወንድሜም ሰው አይፈራ ማለትህ ልክ ነበር፤ ምን እንደሆነ ስናውቅ ፍርሃቱ ቀለለን።

አንድ ነገር ግን አልገባንም። ስንመለስ ቦዩ ዳር ሌላ ዱካ አገኘን። አምስት ጣት አለው፣ ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ጥፍሩ ረጅም ነው። የሕፃን እጅ ይመስላል። ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ነው የሚሄደው። ልጄ ጦጣ ነው ትላለች፣ እኔ እንጃ።

የታንኳው፦

በሁለቱ መሀል መሬቱ ላይ የተሰመረ መስመር አለ? እባብ እንደሄደበት ጥምዝምዝ የሚል?

የዘንዘልማዋ፦

ፎቶውን እንደገና አየነው። አለ! ልጄ ዱላ የጎተተ ሰው መስሏት ነበር።

የታንኳው፦

ጅራቱ ነው። አርጃኖ ነው እታለም፣ ውሃ ዳር የሚኖረው ትልቁ እንሽላሊት፤ ከቦዩ ዓሣና እንቁራሪት ሊለቅም የመጣ። ነገ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዝም ብላችሁ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። ድንጋይ ላይ ሊሞቅ ይወጣል።